ምንም ካልተጫነ

ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሌክ ስትሪት ላይ ያለው የቢሯችን ስልክ የሚሠራው በእኔ ነው። የተቀጠርኩት ስልክ ለማንሳት ነበር። ስልክ ማንሳትና ስልኩ እንዲጠራ ማድረግ ግን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን በቢሮው ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ ብቻዬን ነው የተማርኩት። ይህን የምጽፈው እንዴት እንደተማርኩትና አንድ ጊዜ እንዴት እንደተሳሳትኩ ለመናገር ነው። ስህተቱን የምጨምረው ያረምኩትም እኔው ስለሆንኩ ነው።

ድርጅቱ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ትንሽ ድርጅት ነው። ስድስት ቫኖች አሉን። ከምናመላልሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ያገራችን አዛውንቶች ናቸው፤ ከእነሱም የሚበዙት የኩላሊት እጥበት የሚሄዱ ናቸው። በረዶ ጣለም አልጣለም በሳምንት ሦስት ቀን ይሄዳሉ። የእጥበት ሰዓታቸው ሲቀየር ይደውሉልናል። ስልካቸው ካልገባ ቫኑ በድሮው ሰዓት ይሄዳል፤ በድሮው ሰዓት ሲደርሱ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበታል፤ ሳይታጠቡ ይመለሳሉ። እጥበት የቀረበት ሰው ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከዚያ በላይ ከቆየ አምቡላንስ ነው። እኛ ቢሮ ስልክ አልገባም ማለት ይህ ማለት ነው።

እኔም ከቫኖቹ አንዱን ስነዳ ነበር። ከዚያ በፊት ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርት ውስጥ፣ የመንገደኞች ተሽከርካሪ ወንበር ገፍቻለሁ። ከዚያም በፊት፣ አዲስ አበባ እያለሁ፣ የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ገጥሜ ስጨርስ ብሎን ተርፎብኝ አያውቅም። ዓይኔ ላይ ሞራ ሲጀምር ሐኪሟ መንዳት ከለከለችኝ። አለቃችን በዕድሜ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ፣ ድሮ ነርስ የነበረች ሴት ናት። ቁልፉን ላስረክባት ስገባ አልተቀበለችኝም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤት መቀመጥ አይሆንልዎትም» አለችኝ። «እዚህ ይቀመጡና ስልክ ያንሱልኝ። ሰዎቹ ሁሉ ያውቁዎታል።»

እውነቷን ነው፣ ሁሉም ያውቁኛል።

ቢሮውን የተከራየችው ከነዕቃው ነበር። ከእኛ በፊት እዚያ የነበረው የመስሚያ መርጃ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ ጠረጴዛዎቹን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ የጆሮ ሥዕልና አሥራ ሁለት የጠረጴዛ ስልኮችን ጥሎ ሄደ። ስልኮቹ ቅቤ የመሰለ ቀለም ያላቸው፣ ከባድ፣ እጀታቸው ገመድ ያለው ናቸው። ሲጠሩ የሕንጻው ሌላኛው ጫፍ ድረስ ይሰማል፤ የሱቁ ደንበኞች እነማን እንደነበሩ ሲታሰብ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየቁልፎቹ ጎን፣ በላስቲክ ሥር፣ የማናውቃቸው ሰዎች ስም በታይፕ ተጽፎ ነበር።

የሁሉም ስልክ ሽቦ የሚያልቀው አንድ ቦታ ነው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ መወልወያና ባልዲ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ግድግዳዋ ላይ የሻንጣ ያህል ግራጫ የብረት ሳጥን ተሰቅሏል። መጀመሪያ ቀን ስከፍተው አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ከጎኑ እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑ በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ባለቀለም ሽቦዎች ይወርዳሉ። የሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በቴፕ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ነበር። ሳጥኑን ድሮ ይጠግን የነበረው ቴክኒሻን ያስገባበትን ትእዛዝ ሁሉ በእጁ የዘረዘረበት ነው። ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለው፤ ደወልኩ፤ አገልግሎት ላይ አይደለም ይላል። ሰውየውን አይቼው አላውቅም። ጽሕፈቱ ግን የጥንቁቅ ሰው ጽሕፈት ነው፤ ሰባትን ሲጽፍ ወገቧ ላይ ያሰምርባታል።

ከሾፌሮቻችን አንዱ፣ ነገር መፈለግ የሚወድ፣ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከኖኅ መርከብ የወረደ ነው። ባይነኩት ይሻላል።»

«አንተ የቫንህን ዘይት ሳታይ ስድስት ወር ትነዳለህ» አልኩት። «ስለ ማሽን አትንገረኝ።»

የመጀመሪያው ድሌ ሰዓቱ ነበር። እያንዳንዱ ስልክ ላይ ሁለት መስመር የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች፤ እዚያ ላይ ያለው ሰዓት በአንድ ሰዓት የተሳሳተ ነው፤ ቀኑም ልክ አልነበረም። ሁሉም እያየው ያልፋል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ የሳጥኑን መመሪያ አገኘሁ፤ አንድ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ያስቀመጠው ነው፤ ብዙ ገጾች ይጎድሉታል። አትሜ፣ ጠርዙን በስቼ በክር አሰርኩት። ከመዝገበ ቃላት ጋር ሁለት ሳምንት አነበብኩት። ሳጥኑ የሚታዘዘው ከአንድ ስልክ ብቻ መሆኑን ያገኘሁት በዚያ ነው። ያም አሥር ቁጥር የሆነው የውስጥ መስመር፣ ኤክስቴንሽን የሚሉት፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ነው። የይለፍ ቁጥሩ በሩ ላይ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፣ የይለፍ ቁጥሩን ያስገባሉ፣ ከዚያ መስኮቷ ትጠይቃለች፤ እርስዎ ቁጥር ይመልሳሉ። ልክ ከሆነ አንድ ጊዜ ትጮሃለች፤ ስህተት ከሆነ ሦስት ጊዜ።

ሰዓቱን ሳስተካክል አንድ ጊዜ ጮኸች። አሥራ ሁለቱም ስልኮች ላይ ሰዓቱ በአንድ ቅጽበት ተቀየረ። በየጠረጴዛው እየዞርኩ አየኋቸው። አለቃችን ከክፍሏ ወጥታ ምን ሆነው ነው አለችኝ። «ሰዓት አየሁ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የማላውቀው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የጥሪውን ጩኸት ቀነስኩ። የሞተ የመሰለውን የሾፌሮች ስልክ አስነሳሁ። የማናውቃቸውን ሰዎች ስም አውጥቼ በአማርኛ በእጄ ጽፌ አስገባሁ፤ «ሾፌሮች»፣ «አለቃ»፣ የእኔ ላይ ደግሞ «ዋና»። የተማርኩትን ሁሉ በልጆች ደብተር ላይ አሰፈርኩ። ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ አዲስ ስልክ የሚሸጥ ሰው ከራቫት አስሮ በመጣ ጊዜ አለቃችን አብሬ እንድቀመጥ ጠየቀችኝ። ሰውየውን አምስት ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ሁለቱን «ቢሮ ጠይቄ እመልስልዎታለሁ» አለ። ሲወጣ ሳቀችና «እሺ ጋሼ፣ ሳጥንዎ ይቆይ» አለችኝ። ሳጥኔ እንዲህ ቆየ። እኔም ከሳጥኑ ጋር ቆየሁ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ አዲሱ ስልክ ሰው አያስፈልገውም ነበርና።

ስህተቱ የጀመረው በጽዳት ነው። አንድ ቅዳሜ ሳጥኑ ውስጥ የተከማቸውን አቧራ ለመጥረግ ብዬ መሰኪያውን ነቀልኩ። በለስላሳ ብሩሽ አጸዳሁት፤ ንጽሕናውን ያየ ሰው አዲስ ነው ይል ነበር። መልሼ ስሰካው መብራቶቹ በሩ፣ ስልኮቹ ግን ሁሉም ባንድ ላይ መጮህ ጀመሩ። መስኮቶቹ ላይ ያለው ሰዓት እኩለ ሌሊት ይላል። ሳጥኑ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የምታስታውስለት ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ እሷ ከሞተች ማን ያውቃል ስንት ዓመት ሆኗታል። ሳጥኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ቀን ሆኖ ነበር። የቴክኒሻኑ ሥራና የእኔ ሥራ አንድ ላይ ጠፋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከራቫት ላሰረው ሰውዬ ይደውል ነበር። እኔ ባትሪዋን ለወጥኩ፣ የበሩን ወረቀት ገንጥዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ፣ ደብተሬን ከጎኑ ዘረጋሁ። ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድን ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰኞን እስከ ረፋድ፣ ሳጥኑን እንደገና ከዜሮ ጻፍኩት። መስመር በመስመር፣ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን። ሰኞ ረፋድ ላይ ስልኮቹ እንደ ድሮው ሆኑ። እንዲያውም በለጡ፤ ምክንያቱም እግረ መንገዴን አንድ ነገር ጨመርኩበት።

ጠዋት ጠዋት ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ስለሚደውል፣ ሳጥኑ መጀመሪያ ራሱ አንስቶ ደዋዩን ወደየጠረጴዛው ይከፋፍላል። አስቀድሞ የተቀዳውን ቃል የሚናገረው የድሮው ሱቅ ባለቤት ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ ሲናገር አፍንጫው የተደፈነ ይመስላል። ድምፁም ከሌላው ጋር ጠፍቷል። በሱ ፈንታ እኔ በአማርኛ ቀዳሁ። በወጉ ነው የቀዳሁት። «ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ናችሁ? ደህና ናችሁ ወይ?» እልና ትንፋሽ እወስዳለሁ። ከዚያ «አዲስ ቀጠሮ ለማስያዝ ወይም ለመቀየር አንድን ይጫኑ፤ መኪናዎ ከዘገየ ሁለትን፤ ከኃላፊዋ ጋር ለመነጋገር ሦስትን»። አራት ጊዜ ቀድቼ አራተኛውን ወሰድኩ። አለቃችን ስትሰማው «እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ!» አለች። ሚኒሶታ ውስጥ በአማርኛ ሰላምታ የሚሰጥ እንዲህ ያለ አሮጌ ሳጥን ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ተውኩ። በቴክኒሻኑ ወረቀት ግርጌ ላይ፣ በሌላ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር። ወደ አማርኛ ስመልሰው «ምንም ካልተጫነ፣ ወደ አሥር» ይላል። ከጎኑ የፕሮግራሙ ቁጥር አለ። መመሪያው ውስጥ ብፈልገው ገጹ ከጎደሉት አንዱ ነው። አሰብኩበት። ደውሎ ምንም የማይጫን ማን ነው? ቁጥር ተጫኑ ተብሎ የማይጫን ሰው ጉዳይ የሌለው ሰው ነው። የአሮጌ ሱቅ ትርፍ ነገር ነው አልኩና አለፍኩት።

በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ነገረኛው ሾፌር ከእጥበት ማዕከሉ ደወለ። ሲዋርድ ሰፈር ካለው የአዛውንቶች ሕንጻ ይዟቸው የሄደው እናት ወንበር አጥተዋል። ሰዓታቸው ወደ ጠዋት ተዛውሮ ነበር፤ እኛ አላወቅንም። ነገ ጠዋት ይምጡ ተብለው ተመለሱ። እኒህ እናት የወሎ ሰው ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል፤ እኔን የሚያውቁኝ በስልክ፣ በድምፅ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቀን ታጥበው ሲመለሱ ሾፌሩን ቢሮ በር ላይ አስቆሙት። በምርኩዛቸው እየተደገፉ፣ እግራቸው ጫማ እስኪጠበው አብጦ፣ በር ላይ ቆሙ።

«ስልክ የሚያነሳው ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። አንተ ነህ አይደል? ድምፅህ ነው።» ወደኔ ተጠጉ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ምን በድዬህ ነው ፊቴ ላይ የምትዘጋብኝ?»

ለሰባ አንድ ዓመት ሰው «አንተ ልጅ» ሲባል ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እኔ? መቼ?»

«ሰኞ! ሦስት ጊዜ! ደህና ናችሁ ወይ ትለኛለህ፣ አልሐምዱሊላህ ስልህ፣ ልጅህን ስጠይቅህ፣ ድርግም! ሦስት ጊዜ! ጨዋ ሰው ነው እል ነበር እኮ።»

«እማማ፣ ሰኞ እኔና እርስዎ አልተነጋገርንም።»

«ወላሂ ልበልህ?»

አለቃችን ከክፍሏ ወጣች። እማማን አስቀመጠች፣ ውኃ ሰጠች፣ እግራቸውን ዝቅ ብላ በጣቷ ጫን አድርጋ አየች። ጣቷ የነካው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ሾፌሩ ወደ ቤት ከወሰዳቸው በኋላ ስልኩን አውጥታ ከፊቴ ቆማ ደወለች። ድምፄን ሰማች፣ አንድን ተጫነች፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጠራ። ሁለትን፤ የሾፌሮቹ ጠራ። ሦስትን፤ የራሷ ጠራ።

«ይሠራል» አልኩ። «ረስተው ይሆናል። ዕድሜ ነው።»

«ጋሼ፣ እኚህ ሴትዮ የልጅ ልጆቻቸውን ልደት ሁሉ በቃላቸው ነው የሚያውቁት።» ስልኳን ኪሷ ከተተች። «እኔ ማን እንደተሳሳተ አልጠይቅም። እሳቸው አርብ ደግሞ እጥበት አላቸው። ሰዓቱ ቢቀየርና ስልካቸው ዳግም ባይገባልን ሰው ይሞትብናል። እስከ አርብ ካልተገኘ ሻጩን እጠራለሁ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን መረመርኩ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካሁ። መስመሮቹን በየተራ ሞከርኩ። ከሞባይሌ ከሃያ ጊዜ በላይ ደወልኩ፤ ሁሉም ገባ፤ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእማማ ነው ብዬ ልቤ ደመደመ። ግን በጣት የተጫነው እግራቸው ከሐሳቤ አልወጣልኝም። ሬዲዮ እጠግን በነበረበት ጊዜ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ እኔ ጋ ሲመጣ የሚሠራ፣ ባለቤቱ ቤት ሲሄድ የማይሠራ ሬዲዮ ካለ፣ ባለቤቱ ቤት ሄጄ ነው የማየው።

ሐሙስ ጠዋት ከሾፌሩ ጋር ሲዋርድ ሄድኩ። እማማ ሶፋቸው ላይ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን አልፈቱልኝም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሁን ቢሮ ይደውሉ። እንደ ሰኞው አድርገው።»

«አንተ እዚህ ሆነህ ማን ሊያነሳልኝ?»

«እርስዎ ይደውሉ ብቻ።»

ደወሉ። ስልኩን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ድምፁን ከፈቱት። የራሴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፣ ጥርት ብሎ፦ «ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ናችሁ? ደህና ናችሁ ወይ?»

እማማ እኔን አዩኝ። ስልኩን አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ለስልኩ መለሱለት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንተስ ደህና ነህ? ዓይንህን እንዴት አደረገህ? ልጅህስ ሥራ አገኘች ወይ? አላህ ያስገኝላት...»

እሳቸው ይናገራሉ፣ ስልኩ ደግሞ ከሥራቸው «አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ» ይላል፤ ማን ይሰማዋል? የተቀዳው ድምፄ ሲጨርስ እሳቸው ገና ስለ ብርዱ እያወሩ ነበር። ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ቋ አለና ተዘጋ።

«ይኸው!» አሉ እማማ እጃቸውን ዘርግተው። «አየኸው? አሁንስ አልዘጋህም ትላለህ?»

ሾፌሩ በሳቅ መሬት ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። «ጋሼ፣ ራስዎን በራስዎ ያዙ እኮ!»

«ማሽን ነው እማማ» አልኩ። «ድምፄን ቀድቼበት ነው። እኔ አይደለሁም።»

«ማሽን ከሆነ ታዲያ ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ለምን ይጠይቀኛል? ከጠየቀኝ መልሱን ይጠብቅ እንጂ! እኔ ሰላም ብሎኝ ዝም ልበለው? ቁጥር ልጫንበት?»

ድምፁ ማሽን እስኪባል ድረስ የራቀ ቢሆን ኖሮ እኮ አይመልሱለትም ነበር። በጣም አሳምሬ ስለቀዳሁት ነው ሰው የሆነው። ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ግን የዚያን ጊዜ አላስደሰተኝም።

«ድሮስ? በእንግሊዝኛ እያለ እንዴት ያደርጉ ነበር?»

«ያኔማ ፈረንጁ የራሱን ይለፈልፋል፤ እኔ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ሲደክመው አንተ ታነሳለህ።»

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ስልኩን ከጀመርኩ ከአንድ ዓመት በላይ፣ እማማ ምንም ቁጥር ተጭነው አያውቁም። ዝም ሲሉ ሳጥኑ ራሱ ወደ አሥር፣ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይልካቸው ነበር። እኔ ደግሞ አንድን ተጭነው የመጡ እየመሰለኝ አነሳላቸው ነበር። ያን ያደረገው የቴክኒሻኑ የመጨረሻ መስመር ነው፤ ሁለት ጊዜ ያሰመረባት። ሱቁ የመስሚያ መርጃ ሱቅ ነበር፤ ደዋዮቹ «አንድን ይጫኑ» የሚለው በደንብ የማይሰማቸው ሽማግሎች ናቸው። ሰውየው ደንበኞቹን ያውቅ ነበር። እኔም የእኔን አውቃለሁ እል ነበር። ሳጥኑ ከፋብሪካ ሲመጣ ምንም ካልተጫነ ይዘጋል፤ እኔ ያን መስመር ስላለፍኩት ሰላምታ የሚመልሱ ሰዎች ሁሉ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ተዘግቶባቸዋል። ሌላው ሁሉ እንደ እማማ ተናዶ ቢሮ አይመጣም። ስንቱ «ምን አጠፋሁበት» ብሎ ዝም እንዳለ አላውቅም።

ቢሮ ተመልሼ ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ከመስመሯ ጎን የተጻፈውን የፕሮግራም ቁጥር አስገባሁ። መስኮቷ «ዝጋ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አሳየችኝ። ሰረዝኩትና አሥርን አስገባሁ። አንድ ጊዜ ጮኸች። በሞባይሌ ደወልኩ፤ ራሴን ሰማሁት፤ ምንም አልተጫንኩም። ያ ጸጥታ መጣ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስልክ ጠራ።

ቀጥዬ ወደ አለቃችን ክፍል ገባሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። ይህችን ቃል ለመናገር ፕሮግራሙን ለመጻፍ ከወሰደብኝ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። ወረቀቱን አሳየኋትና ሁሉንም ነገርኳት፣ የተውኩትን መስመር፣ ለምን እንደተውኩትም። ሰምታ ስትጨርስ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው።

«ታዲያ ሰላምታውን አጥፍተው ቁጥሩን ብቻ ቢተዉትስ?»

«ሰላምታው አይጠፋም» አልኩ። «ማሽኑ ያልቻለውን እኔ እጨርሳለሁ።»

«እስከ አርብ ብዬዎት ነበር» አለች።

«ገና ሐሙስ ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ይዤ የእጥበት ሰዎቻችንን አንድ በአንድ ደወልኩላቸው፤ የተቀየረ ሰዓት ያለው ካለ ብዬ። ሁለት ሰዎች ተገኙ። አንዱ ሽማግሌ መጀመሪያ ሊያነጋግሩኝ አልፈለጉም፤ እሳቸውም ተዘግቶባቸው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩ። ቫኖቹ አርብ በትክክለኛው ሰዓት ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በደብተሬ እየመዘገብኩ አስተውያለሁ፤ ከአዛውንቶቻችን መካከል ቁጥር ተጭነው የሚመጡት ጥቂት ናቸው። ሌሎቹ ሁሉ በዚያች በአንድ መስመር በኩል ነው የሚመጡት። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ሲጠራ የማነሳው ወሬ መሐል ነው። መጀመሪያውን ማሽኑ ይሰማዋል፣ መጨረሻውን እኔ። ላልሰማሁት ጥያቄ መልስ መስጠትን ተክኜበታለሁ፤ ይህም ሌላ ሰው የማይችለው ነው።

የመጀመሪያዋ በዚያው አርብ ማለዳ የመጣችው ናት፤ ሾፌሮቹ መስታወት ላይ የተጋገረውን በረዶ እየፋቁ ሳለ፣ አሥር ቁጥር ጠራ። አነሳሁ።

«...ብርዱስ? ልጅህስ ሥራ አገኘች ወይ?»

«አገኘች እማማ። በእርስዎ ዱዓ።»

«እሰይ! ዛሬስ አልዘጋህብኝም።»

«አልዘጋም እማማ።»

«በል ጻፍ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰዓት አሉኝ። ከሦስት ሰዓት በፊት እዚያ ድረሺ ብለውኛል።»

ጻፍኩ። ሾፌሩን በመስኮት ጠርቼ ሰዓቱን በጣቴ አሳየሁት፤ የበረዶ መፋቂያውን ጥሎ ሞተር አስነሳ። እማማ ወንበራቸውን አገኙ።

የቴክኒሻኑን ወረቀት መልሼ የሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኩት፤ በአዲስ ቴፕ። ከእንግሊዝኛው ሥር በአማርኛ «ምንም ካልተጫነ፣ ወደ አሥር» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱ ሁለት ጊዜ ያሰመረበትን እኔ ሦስተኛ ጨመርኩበት። ያ ሰውዬ በዚህች በአንድ ነገር በልጦኛል፤ ይህን እቀበላለሁ። ሰዓቱን ግን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።